ከመስፍን ሸሚዝ የተሰፋው ማቀፊያ

መርዶው የደረሰኝ ማለዳ ላይ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ለጓደኛዬ ለታደለች የሕፃን ማቀፊያ እሰፋ ነበር። የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተና ጎረቤቶቼ ተከታትለው ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ይህን ሳይ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካሁት ተነሣሁ። ባለቤቴ መስፍን በዋዜማው ለሥራ ወደ ሾኔ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና አዲሎ አጠገብ ተገልብጧል። ታደለችን ነፍሰ ጡር መርዶ ቤት አትገባም ብለው ከለከሏት፤ ጩኸቴን የሰማችው ከአጥር ውጪ ቆማ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ ያ ማቀፊያ ነው።

ታደለች አሥራ አንድ ዓመት ስትጠብቅ የመጣ ፅንስ ስለሆነ ከሱቅ የተገዛ ነገር ልሰጣት አልፈለግሁም። ከድሮ ቀሚሴ፣ ከመጋረጃ ትርፍ፣ ከእናቴ ሻሽ ቁርጥራጭ እየገጣጠምኩ፣ መሀሉ ላይ የተባዘተ ጥጥ አንጥፌ እሰፋው ጀመር። መጨረሻ ላይ አንድ ቁራጭ ጎደለኝ። መስፍን ሊወጣ ሲል ሰማያዊውን ባለመስመር ሸሚዙን ከመስቀያው አወረደ።

«አንገትጌው ነትቧል፤ ለታዱ ልጅ ይሁን» አለኝ።

«ገና ትለብሰዋለህ እኮ።»

«ሾኔ ገበያ ሌላ እገዛለሁ። ቁረጪው፣ አትሰስቺ» ብሎ ሳቀብኝ።

እሱ ከወጣ በኋላ ቆረጥኩት። በማግስቱ መርዶው መጣ።

ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ተረት ባይኖር ኖሮ ሁለቱን ነገር አላገናኛቸውም ነበር። ያኔ ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። አባቴ ለማስተማር ከሰሜን መጥቶ ሆሳዕና የቀረ ሰው ነው። ጎረቤታችን፣ የታደለች አባት ጋሼ ኤርሲዶ፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናቸው በረንዳ ላይ ትውላለች። አመሻሽ ላይ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ገብቶ የተሸካሚዎቹ ጩኸት ሲበርድ፣ ጋሼ ኤርሲዶ ፋኖሳቸውን በረንዳው ቋሚ ላይ ይሰቅሉና የቀኑን ስፌት ለመተኮስ የከሰል ካውያቸውን በፍም ይሞላሉ፤ እኛም መሬት የወደቀውን ቁርጥራጭ እየለቀምን እግራቸው ሥር እንኮለኮላለን። እርጥቡ ጨርቅ ካውያው ሲያርፍበት ሽሽ ይልና ጢስ የመሰለ እንፋሎት ፊታችንን ይሸፍነዋል። በካውያው ጎን ባሉት ቀዳዳዎች የሚታየው ፍም ያኔ ዓይን ይመስለኝ ነበር፤ ተረቱን ከኛ ጋር አብሮ የሚያዳምጥ።

ጋሼ ኤርሲዶ አማርኛን የተማሩት ከደንበኞቻቸው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይሉ ነበር። «አንተ ሰብለ፣ መርፌውን ከአፍህ አውጣ፤ ተረት ስትሰማ ትውጠዋለህ!» ይሉኛል፤ ታደለች በሳቅ ትንከተከታለች።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምፈራው አንዱን ነበር። አንድ ሰው ፀሐይዋን አምኖ ቡሉኮውን ቤቱ ትቶ ሩቅ መንገድ ሄደ። በዚያው ቀን አንዲት ጎረቤት ወለደች፤ ሕፃኑን የምትጠቀልልበት ጨርቅ አልነበራትም። የሰውየው ሚስት የባሏን ቡሉኮ ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ሰጠቻት። ሰውየውን ግን ተራራ ላይ ብርድ ያዘው፤ ሞተ። አገሩም «የባሏን ዕድሜ ቀደደች» አላት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ፍሙ ይከስማል። ጋሼ ኤርሲዶ ካውያውን ወደ ደጅ ይዘው ይወጡና ፍሙ እስኪነሣ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዙታል። ልክ በዚያን ሰዓት እናቴ ከአጥር ማዶ «ሰብለ! መሽቷል፣ ግቢ!» ትለኛለች። ስንት ጊዜ እንደተረኩት እንጃ፤ እኔ ግን ከዚያ አልፌ ሰምቼ አላውቅም። የቀረ ነገር መኖሩንም አልጠረጠርኩም። ተረቱ «የባሏን ዕድሜ ቀደደች» ብሎ የሚያልቅ መስሎኝ አደግሁ።

የመስፍን አርባ ሲወጣ ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ሰጠን። ከእሱ ገላ ላይ ከነበረው የቀረኝ ያ ቁራጭ ብቻ ሆነ። ማቀፊያውን አንድ ጠርዙ እንደተከፈተ ፍራሽ ሥር ከተትኩት። አንዳንድ ቀን አወጣውና ሰማያዊውን ቁራጭ ልተረትረው መቀስ አነሣለሁ፤ ተተርትሮ ተመልሶ ሸሚዝ አይሆን ነገር፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ታደለች በሰላም ተገላገለች አሉኝ። አልሄድኩም። ባሏን በመቀስ የቆረጠች ሴት ለሕፃን ምን ይዛ ትሄዳለች?

መርዶው ከመጣ ሁለት ወር ሲሆን ልጇን ታቅፋ ራሷ መጣች።

«አንቺ! አራስ ትጠየቃለች እንጂ አራስ ለጥየቃ ስትዞር አይተሻል?» አለች ገና ከበሩ ላይ። «ማቀፊያዬስ?»

«አላለቀም።»

«አባዬ ቢሰማሽ! እሱ እንኳ ደንበኛ ያመላለሰው ቢበዛ ሦስት ቀን ነው።»

ይህን ጊዜ ፍራሹን ገልጬ ማቀፊያውን ከፊቷ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። «እኔ ነኝ የገደልኩት! ይኸው ሸሚዙ! መንገድ ላይ እያለ ነው የቆረጥኩት፤ እንደዚያች እንደ ቡሉኮዋ ሴትዮ!»

ታደለች ልጁን እንደታቀፈች አጠገቤ ተቀመጠች። «መጨረሻውን አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ።

«የምን መጨረሻ?»

«አይ ሰብልዬ! እናትሽ እየጠራችሽ… ካውያው ተቀጣጥሎ ሲመለስ እኮ ነው አባዬ የሚጨርሰው። ሽማግሌዎች ሴትዮዋን ዛፍ ሥር አቆሟት። አንዱ ሽማግሌ፣ ‹ሰውየው ሲሞት ቡሉኮው የት ነበር?› አለ። ‹ቤቱ› አሉት። ‹ባይቀደድስ የት ይሆን ነበር?› አለ። ‹ያው ቤቱ› አሉት። ‹እንግዲያውስ ቡሉኮው ሊከላከለው የሚችለው ብርድ የዚህን ሕፃን ብቻ ነበር› አለና አሰናበታት።»

«እሷስ? ተጽናናች?»

«አባዬ እንኳ አልተጽናናችም ነው የሚለው። እስክትሞት መንገድ መንገዱን ታይ ነበር ይላል። ሕፃኑ ግን አደገ።»

ልጁን ጭኔ ላይ አስተኛችልኝና መርፌዬን ፈልጋ ሰጠችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጨርቁ ላይ ተሰክቶ ዝጎ ነበር። በሌላ መርፌ ክፍቱን ጠርዝ እያለቀስኩ ዘጋሁት። ልሰጣት ስል እጄ አልለቅ አለኝ፤ ሰማያዊውን ቁራጭ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ የመስፍንን ጠረን ፈለግሁ። አልነበረም። ታደለች አልነጠቀችኝም፤ ልጁን ከጭኔ አንሥታ ይዛ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ እኔው ልጁን ጠቀለልኩበት።

ያ ሽማግሌ የፈረደው ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ግን እስከ ዛሬ ከሾኔ የሚመጣ መኪና መናኸሪያ ሲገባ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ከዚያ በረንዳ የቀረልኝ የሚያጽናና ተረት አይደለም፤ ግማሹን ይዤ ስቃጠል ሌላውን ግማሽ ይዞልኝ የኖረ ሰው መኖሩ ነው።

ታደለች በእምነቷ ለሞተ ሰው አትጸልይም፤ «ለአንቺ ግን አላቋርጥም» ብላኛለች። ስለዚህ ለእሱ የምለምነው እናንተን ነው። ይህን ያነበባችሁ፣ የመስፍን የክርስትና ስም ገብረ ሚካኤል ነው። ሸሚዙን ሳይሰስት ለሰው ልጅ የሰጠ ሰው ነውና፣ እግዚአብሔር ብርድ በሌለበት ስፍራ እንዲያኖረው አንድ ጊዜ ስሙን አንሡልኝ።