ገና ላልወጣ ጌም የተቀመጠ ሽምግልና

ወረታ ላይ ሰው በድንበር ይጣላል፣ በከብት ይጣላል፣ ክረምት ሲገባም በውኃ መውረጃ ቦይ ይጣላል። እኔና ጓደኛዬ ግን ገና ከፋብሪካ ባልወጣ ጌም ተጣላን። ያውም ሽማግሌ እስኪቀመጥልን ድረስ! ዛሬ ሳወራው ሰዉ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ሠርጌ ደርሶ ስለነበር ምኑም አላሳቀኝም።

ጓደኛዬ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የሚሠራ። ለምሳ ሲወጣ በቀጥታ እኔ ሞባይል ከምጠግንባት ሱቅ ይመጣል፤ ቅንድቡ ሳይቀር የሩዝ ገለባ ለብሶ። አንድ ዘመዱ ከውጭ የላከለት፣ በእጅ የሚያዝ አሮጌ ጌም ነበረችን። በተራ ነበር የምንጫወት። አንዱ ሲጫወት ሌላው ትከሻው ላይ ተደግፎ፣ «ግራ! ግራ አልኩህ እኮ! ኧረ ከማን ጋር ነው የዋልኩት!» እያለ ነፍሱን ያወጣለታል። እንዲህ ስንጯጯህ ምሳችንን የረሳንበት ቀን ብዙ ነው። በኋላ ባትሪዋ አብጦ ሞተች። ጠጋኝ ነኝ ባዩ እኔ ማዳን አቃተኝ። ይህችን ነገር እስከ ዛሬ በሰው ፊት ያነሳብኛል።

በዚያው ሰሞን ሁለት ኩባንያዎች አዳዲስ የእጅ ጌም ሊያወጡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ኔትወርክ ብቅ ባለ ቁጥር ቪዲዮ እያወረድን እናይ ጀመር። እኔ በአንደኛው ተያዝኩ፣ እሱ በሌላው። የኔው ጉልበታም ነው፤ የኮምፒውተሩን ጌም ሁሉ ይችላል። የሱ ቀለል ያለ ሆኖ ግራና ቀኝ ያሉት እጀታዎቹ ይነቀላሉ።

«እጀታው የሚወልቅማ እኛ ቤት ያለው ድስት ነው!» እለዋለሁ።

«ያንተን ደግሞ የሚሸከም በሬ አብረው ይሽጡልህ» ይለኛል።

ሊገዛማ ማን ሊገዛ! ሁለታችንም ወረታ ሲደርሱ እንኳ እንደማናያቸው እናውቃለን። ግን የገዛነው ያህል ደማችን ይፈላል።

አንድ ቀን እሱ ሥራ ቦታ ሄጄ፣ ሩዝ ሊያስፈለፍል የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጌምህም እንዳንተው ነው፤ ብቻውን መቆም የማይችል!» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንግዲያው ያን ጉልበታም ጌምህን ሚዜ አድርገው!» ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ።

የቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄ በር ላይ ሳይ ዋልኩ፤ አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አልመጣም። አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነው። ሚዜ ደግሞ ሱፍ ለብሶ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ወንድም ሆኖ ነው የሚቀር። ሌላ ሰው በሱ ቦታ ላስብ ስሞክር አንድም ስም አይመጣልኝም። እጮኛዬ ደግሞ ሲብስባት፣ «ኧረ በማርያም ታረቀው! ያንተን ኩርፊያ እኔ ብቻዬን አልችለውም» አለችኝ።

የሁለታችንም የንስሐ አባት አንድ ናቸው። ሰምተው ኖሮ እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዘው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር አስቀመጡን። ሽማግሌ ሲቀመጥ ነገሩን በዓይኑ ማየት ደንቡ ነው፤ ከብት ከሆነ ከብቱን፣ ድንበር ከሆነ ድንበሩን።

«በሉ የተጣላችሁበትን ዕቃ አምጡት» አሉ አባ።

«የለም፣ አባ» አልኩ።

«ጠፍቶ ነው?»

«ገና አልወጣም።»

«ከየት ነው የሚወጣ?»

«ከፋብሪካ፣ አባ።»

አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። አባ ግን አልሳቁም። ወይ ጉድ፣ አሁን ያባርሩናል ስል፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና፣

«ክሳችሁን ከተማው ሁሉ ሰምቶታል፤ እኛም ጠግበነዋል። አሁን አንተ የሱን አመስግን፣ እሱም ያንተን ያመስግን። እኔ በቃ እስክል!» አሉ።

ጓደኛዬ እንዳኮረፈ ጀመረ። ጀምሮ ግን ማን ያስቁመው! የኔን ጌም የስክሪኑን ጥራት፣ ሲሞቅ የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ፣ እኔ እንኳ የማላውቀውን ሁሉ ዘረዘረው። ለካ እንከን ሊያወጣለት የኔን ቪዲዮ አንድ ሳይቀረው አይቶታል! «ይሄማ ሻጩ ራሱ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ተራው የኔ ሆነ። እኔም የሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ቀላል ነው፤ ባትሪው ይቆያል፤ እጀታዎቹ ይነቀላሉ» አልኩ።

«ተነቅለውስ?» አሉ አባ።

«አንዱን አንድ ሰው፣ ሌላውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

«ለምኑ?»

«ሁለት ሰው አንድ ላይ… ተራ ሳይጠባበቅ… እንዲጫወት።»

«ያንተውስ?»

«የኔው ለአንድ ሰው ነው፣ አባ።»

ይህን ስል ድምፄ አነሰ። ጓደኛዬን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ከነጠላው ላይ ገለባ ይለቅማል። የእሑድ ልብሱ ላይም ገለባ አይጠፋ! ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለአባ፣ ቀስ ብሎ፣

«ካገባ በኋላማ ተራዬ መች ሊደርሰኝ ነው?» አላቸው።

ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እጀታ ስንጨቃጨቅ ሰውየው የሚለኝ ሌላ ነበር። አዘንኩለት፤ በራሴም አፈርኩ። ድንጋይ ተሸከም ሳይሉኝ ተነስቼ፣ ከግንቡ ሥር አንድ ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ፊቱ ተንበረከክሁ።

«በቃ» አሉ አባ።

«አልበቃም!» አለ ጓደኛዬ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቃል። «መጀመሪያ የኔው ይበልጣል ይበል!»

«ይበልጣል» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሁለቱም ጌሞች በኋላ ወጡ አሉ። ወረታ ግን አልደረሱም፤ እኛም አልጠየቅንም። በጥር ሠርጌ ሆነ። ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ወገኖቿ «አናስገባም» ብለው በሩን ግጥም አድርገው ይዘውታል። ሰዉ ይገፋል፣ ከበሮው ይመታል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ የምይዝ የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬ ላይ ተደገፈና ጆሮዬ ሥር ጮኸ።

«ግራ! ግራ አልኩህ እኮ!»

በግራ በኩል ገባሁ።