አንጓ የሚለኩት አጎቴ

አጎቴ ሰው ሲጨብጡ መዳፍ ብቻ አይበቃቸውም ነበር። በአውራ ጣትና በመሀል ጣታቸው የእጅ አንጓ ይከባሉ። ጣቶቻቸው ካልተገናኙ «ተመስገን፣ ተመችቶሃል» ይላሉ። ከተገናኙ ግን ሰውየው ምሳ ሳይበላ አይሄድም።

እሳቸውም ደንዳና ነበሩ። ደብረ ታቦር ላይ እህል ሲነግዱ ስኳር ተገኘባቸው። ሐኪሙ «ስኳሩን የሚያባብሰው ይህ የሆድ ስብ ነው፤ ክብደት ይቀንሱ» አላቸው። እሺ ብለው ቀነሱ፤ ስኳሩም ወረደ።

ነገሩ የተበላሸው እህል ሊገዙ በሚወርዱበት አንበሳሜ ገበያ ላይ ነው። ያገኛቸው ሁሉ «ምነው ከሱ? ምን አገኘዎት?» ይላቸዋል። እያደር እንደ ድሮው መብላት ጀመሩ።

«ወፍሬ ታምሜ ሳለሁ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ፤ «አሁን ሲሻለኝ አገሩ ሊያለቅስልኝ ነው።»

ክብደታቸው ተመለሰ፤ ስኳሩም አብሮ ተመለሰና ኩላሊታቸውን ጎዳ።

በተዝካራቸው ዕለት በር ላይ ቆሜ እንግዳ ተቀበልሁ። ሁሉም መዳፌን ብቻ ጨብጠው ገቡ። አንድ የገበያ ወዳጃቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና «ከስተሃል ልጄ፤ አጎትህ ቢያዩህ ምን ይሉ ነበር?» አሉኝ።

የከሳሁት እኔንም ሐኪም ቀንስ ብሎኝ እንደሆነ አልነገርኋቸውም። እሳቸው ሲገቡ አንጓዬን በራሴ ጣቶች ከበብሁት። ተገናኙ።