ፊርማ የለመደ እጅ

ከፍርድ ቤቱ በር አሥር እርምጃ ርቆ፣ ግንቡን ተደግፎ፣ በርጩማ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ሁሉንም ነገር «ለክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ስለሚጀምር ሰፈሩ «ጋሽ ክቡር» አለው። የእሱ አቤቱታ ሲነበብ ከሳሽም ተከሳሽም ያለቅሳል፣ የችሎቱ አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ይንሰቀሰቃል ይባል ነበር። እሱ ግን ሲነበብ ሰምቶ አያውቅም። የጠበቃ ፈቃድ የሌለው ሰው ገብቶ ስለ ሌላው አይናገርማ! ጺማቸው ያልጠና ጠበቆች ወረቀቱን ይዘው ይገባሉ፤ ሲወጡ እጃቸው የሚጨበጠው እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን ከነዚሁ አንዱ የአንዲት መበለት አቤቱታ ሁለተኛውን ገጽ ዘሎ አነበበና ቤቷን አስነጠቃት። «ምነው አንተ በተናገርክልኝ» ብላው ሄደች። በማግስቱ ጋሽ ክቡር ለሕግ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ተመዘገበ። ትምህርት ቤቱ ሃምሳ ዓመት የሞላውን አይቀበልም፤ እሱ ደግሞ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ፈተናው አንድ፣ ዕድሉም አንድ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ፣ «መነጽርህ ግንባርህ ላይ ሆኖ ቤት የምታተራምስ፣ ሕግ ልትሸመድድ ነው?» ይህን እያለች ኮቱን ዝንብ ብታርፍበት ተንሸራታ እስክትወድቅ ተኮሰችው።

አስተማሪ የሆነችውን ልጁን ግን ሌላ ነገር አስጨነቃት። «አባዬ፣ ሕጉንስ ታውቀዋለህ። ችግርህ እጅህ ነው።»

እውነቷን ነው። የመልስ ወረቀት ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ የፈረመ ይሰረዛል። ጋሽ ክቡር ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ «ፊርማ የሌለው ወረቀት መጠቅለያ ነው» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ እሱ የጻፈው ሁሉ ግርጌው ላይ የባለጉዳዩም የጸሐፊውም ፊርማ አለበት። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ሲያኖር እጁ ሳይጠይቀው ወደ ታች ይወርዳል፤ ጅራቷ ከገጹ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ የምታልቅ ፊርማውን ያሳርፋል።

ልምምዱ በማስመሪያ ሆነ። አራት ነጥብ ሲደርስ ልጅቷ ጣቶቹን ቸብ! «እስክሪብቶ አስቀምጥ!»

«ኧረ አባትሽ ነው!» ትላለች እናቷ ከጓዳ።

«ፈተና ላይ ግን ተማሪ ነው።»

በወሩ ዳነ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ዳነና ሥራው ላይም አራት ነጥብ ባየ ቁጥር እስክሪብቶውን ያስቀምጥ ጀመር። ሦስት ባለጉዳዮች «ፊርማ የለውም» ተብለው ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ተመለሱበት። «ይሁን፣ ፈተናው ይለፍ» አለ።

የፈተናው ጥያቄ ቤቷን የተነጠቀች ሴት ምን መብት አላት የሚል ነበር። ያቺ መበለት ፊቱ የቆመች ይመስል ሦስት ሰዓት ጻፈላት። አራት ነጥብ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ።

ይኼኔ ፈታኙ የስም መቆጣጠሪያ ይዞ መጣ። «አባት፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ፈረመ። ፈታኙ ወደሚቀጥለው አለፈ። አንድ ወር ተርባ የከረመች እጅ ግን አንዴ ቀምሳ አልበቃትም፤ ተመልሳ የመልስ ወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ ከነጅራቷ፣ ደገመችው። ጋሽ ክቡር ያየው ካለቀ በኋላ ነው። የፈላ ውሃ ከአናቱ የተቸለሰበት መሰለው።

ውጤቱ ሲለጠፍ በቁጥሩ ትይዩ «ተሰርዟል» ይላል።

«አባዬ... ፈረምክ?»

«እኔማ አልፈረምኩም። እጄ ናት።»

ሚስቱ እንኳ አልሳቀችም።

ቅሬታ ለማቅረብ የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሁለቱን ቀን ጻፈ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ አቤቱታ አልጻፈም። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ መስኮት ስር ተሰለፈ። ተቀባዩ ወረቀቱን ገለበጠና በመስኮቱ መልሶ ገፋው።

«አባት፣ ፊርማ የለውም እኮ።»

«እ... ስጠኝ፣ አሁኑኑ ልፈርም።»

«የተመለሰ ወረፋውን እንደገና ይይዛል።»

ዞር ሲል ሰልፉ እስከ ውጭው በር ደርሷል። ከኋላ ሄዶ ቆመ። ፊት ለፊቱ አሥራ አንድ ሰው ሲቀር መስኮቱ ተዘጋ።

በማግስቱ በርጩማው ላይ ነበር። አንዲት ባለጉዳይ የነገረችውን ጽፎ ጨረሰ፤ አራት ነጥብ አኖረ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሼ» አለችው፣ «የት ጋ ነው የምፈርመው?»

በጣቱ አሳያት።