የትራምፔት ክፍል ኃላፊ

ከሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሁለት ሥራ ቀረበልኝ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ሦስተኛ ትራምፔት። ሌላው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ በዞኑ የኪነት ቡድን ውስጥ ብቸኛው ትራምፔት። ዘጠናዎቹ እየተገባደዱ ነበር፤ ምኞቴ ደግሞ አንድ ነበር፦ የአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ትራምፔት መሆን።

ያማከርኩት ሁሉ «ከሚበልጡህ መሃል ግባ» አለኝ። መካሪዎቼ ራሳቸው ከሚያንሷቸው መሃል ደልቷቸው ስለተቀመጡ አላመንኳቸውም። ደግሞም የአዲስ አበባውን የመጀመሪያ ተጫዋች አይቼዋለሁ። ትራምፔት ነፊ ቦታውን የሚለቀው ጥርሱ ሲያልቅ ነው፤ የሰውዬው ጥርስ ግን ገና ሸንኮራ የሚልጥ ነበር።

አርባ ምንጭን መረጥኩ። የቅጥር ደብዳቤዬ «የትራምፔት ክፍል ኃላፊ» ይላል። ክፍሉም እኔ፣ ኃላፊውም እኔ። እናቴ ሲቀላ ገበያ የጫኖ ሙዝ ትሸጥ ነበርና ወሬው በግማሽ ቀን ከተማውን አዳረሰ።

«ከሥሩ ስንት ሰው አለ?» አለቻት ጎኗ የምትቀመጠው ቲማቲም ሻጭ።

«ኧረ ገና እየቀጠሩለት ነው!»

ሁለት ዓመት ብቻዬን ነፋሁ። በፈለግኩበት እጀምራለሁ፣ በፈለግኩበት እጨርሳለሁ። ጥሩ ነፊ የሆንኩም መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እውነትም ሁለተኛ ነፊ ቀጠሩልኝ። የዶርዜ ሰው ናቸው፤ በወታደር ባንድ ፀጉራቸውን አሽብተው ወደ ሽመናቸው የተመለሱ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አለቃ ይሉኛል፤ የትኛው ከአክብሮት እንደሆነ ግልጽ ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ ከእኔ ኋላ ገቡ። ደገምነው፤ አሁንም ኋላ።

«ጋሼ፣ ዘገዩብኝ።»

«አለቃ፣ ልትጀምር መሆንህን ለማን ነገርክ?»

«በጣቴ አሳየሁዎት እኮ!»

«ዓይኔ ኖታው ላይ ነው። ጣትህን ለራስህ ያዘው፣ ትንፋሽህን አሰማኝ።»

ቅዳሜ ሠርግ አለ ብለው ዶርዜ ይዘውኝ ወጡ። ወንዶቹ ተሰብስበው ያዜማሉ፤ ሁሉም አንድ ዜማ አይዝም፣ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ይዞ ከሌላው ጋር ይገጥማል። እጁን የሚያነሳ የለም። አንድ ሽማግሌ ደረታቸውን ሞልተው አየር ሲስቡ ሌሎቹም አብረው ሳቡ፤ ከዚያ በአንዴ ገቡ። እኔም ልስብ ሞከርኩ፤ የቆላ ሳንባዬ በዚያ ከፍታ ላይ ለመቆም እንኳ በቅጡ አይበቃኝም ነበር። ጋሼ «አለቃ ደከመው!» ብለው ሠርገኛውን አሳቁብኝ።

በሃያ ስድስት ዓመቴ መተንፈስ ተማርኩ። አዲስ አበባ ሦስተኛ ሆኜ ብቀመጥ ይህን በአንድ ሳምንት እማረው ነበር ይሆናል። ቢሆንም አርባ ምንጭን መምረጤ ልክ ነበር የሚለውን ክርክሬን አልለቅም።

ዓመት ሳይሞላ በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ትራምፔት ፈለገ። ለፈተናው ጣት የሚያደናግር ፈጣን ሶሎ አጥንቼ ሄድኩ፤ የጠየቀኝ የለም። ከሁለት ነፊዎቻቸው መሃል አስቀመጡኝና «ያለ መሪ ጀምሩ» አሉን። አየር ሳብኩ። ሁለቱም ሳቡ። ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ተሰጥቶኝ ተቀጠርኩ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«ሁለተኛ ነፊህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነው። በደንብ ይሰማኛል።»

«አንተስ ትሰማዋለህ?»

«ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው እኮ ጋሼ።»

«ስለ ቀኑ ማን ጠየቀህ?»

በማግስቱ ልምምድ ላይ ሰማሁት። የድምፁ ቅኝት ከቀሩት መሣሪያዎች ሁሉ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። ኃላፊነቴ ነውና በዕረፍት ሰዓት እንዴት አድርጌ በትህትና እንደምነግረው ቃላት እየመረጥኩ ሳለሁ፣ ዝቅ ያለው ከማን ጋር ለመግጠም ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ቅኝቴ ከፍ እንዲል የትራምፔቴን ማስተካከያ ቱቦ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋሁ። እሱም ዓይኑን ከኖታው ሳያነሳ የራሱን ገፋ።