የጋሊና አውራጃ

ጋሊና በሞተች በአራተኛው ቀን የዕድሩ ጸሐፊ ጋሼ ተፈሪ ዌስተርቪል ወዳለው ባሏ ሲራክ ቤት መጥተው ብዕራቸውን መዘዙ። ኮሎምበስ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። በሳቸው እጅ ያለፈ ሟች ሁሉ ሰው ወዳድ ነው፤ ከጎረቤቱ ሃያ ዓመት ተኳርፎ የሞተውም ጭምር።

ሲራክ ሉዊስ ሴንተር መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ ነው። ጋሊናን ያገባት ካርኪቭ ከተማ ሲማር ነበር። ከሞተች ወዲህ የጠየቁትን ሁሉ «እሺ» ይላል። ሣጥኑ ይኼ ይሁን? እሺ። ምግቡን የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች እነሰብለ ያምጡት? እሺ። እንባ ግን የለም፤ ጓዳ ያሉት ሴቶች ይህንንም ልብ ብለዋል።

«ክፍለ ሀገር?» አሉ ጋሼ ተፈሪ።

«ፖልታቫ።»

«አውራጃ?»

ሲራክ የልደት ወረቀቷን አየ። «ሃድያች።»

ልጁ ማራናታ ከስልኳ ሳትነቀል «ዳዲ፣ ሃድያች አሁን ኤግዚስት አያደርግም» አለች። «ትዌንቲ ትዌንቲ ላይ ከሚርሆሮድ ጋር ሜርጅ አደረጉት።»

«መንደሯስ?»

«ቬርብኔ» አለች ማራናታ። «ፕሴል የሚባል ወንዝ ዳር ናት። አንድ መንገድ፣ ሰባ ሁለት ሰው። የራሷ አስተዳደር እንኳ የላትም፣ በሌላ መንደር ሥር ናት።»

«ሰባ ሁለት? የኛ ዕድር ይበልጣታላ። እንግዲህ የኔ ደንብ አንድ ነው፤ ሰው የሚጻፈው ሲወለድ በነበረው ነው። አቶ ከተማን ስንቀብር የረርና ከረዩ አውራጃ ብዬ ነው ያነበብኩት። አውራጃ ከቀረ ስንት ዘመኑ። ስለዚህ ሃድያች አውራጃ። አገሯም ሶቭየት ኅብረት።»

«ኖ» አለች ማራናታ። «ማሚ ዩክሬን ናት።»

«ስትወለድ ሶቭየት ነበር፣ ልጄ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሠላሳ ዓመት «ሩሲያዊቷ» ሲሏት ኖረዋል። ጥፋቱ የሲራክ ነው። መጀመሪያ ሲመጡ ማስረዳቱ ሰልችቶት «ሩሲያ ነው ያገባሁት» ያለው እሱ ነው። የዩክሬኑ ጦርነት ሲጀመር ጋሊና አዳራሽ ውስጥ ተነሥታ በተሰባበረ አማርኛዋ «እኔ ሩሲያ አይደለሁም» አለች። ወሬው ሁለት ሳምንት ሞቀና በረደ፤ «ሩሲያዊቷ» የሚለው ስሟም እዚያው ቀረ። ሆስፒታል ተኝታ ሲራክን የለመነችው አንድ ነገር ነው፦ «ስሞት እንኳ ሌላ አገር እንዳትሰጠኝ።»

«ምን ትላለህ?» አሉ ጋሼ ተፈሪ።

«እሺ» አለ ሲራክ።

ማራናታ ተነሥታ ወጣች።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ጋሼ ተፈሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ጋሊና በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት...»

ሲራክ መቼ እንደ ተነሣ አያውቅም። «ዩክሬን» አለ።

ጋሼ ተፈሪ በመነጽራቸው ላይ አዩት። ንባባቸውን ያቋረጠ ሰው እስከዛሬ የለም። «ደንቡን ተነጋግረናል እኮ» አሉ ዝቅ ብለው።

«ዩክሬን ይበሉ፣ ጋሼ።» ድምፁ ዕቃ እንደሚያስቆጥር ሰው ነበር፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አልተቀመጠምም።

ሽማግሌው ብዕር አውጥተው እዚያው ሰረዙ። «ወይዘሮ ጋሊና በዩክሬን አገር፣ በፖልታቫ ክፍለ ሀገር፣ በቀድሞው ሃድያች በአሁኑ ሚርሆሮድ አውራጃ፣ በፕሴል ወንዝ ዳር ቬርብኔ በምትባል መንደር ተወለዱ።»

ከኋላ ሰብለ ጎኗ ወደተቀመጠችው አርሴማ ዘንበል አለች። «ለካ ሩሲያ አይደለችም።»

«ነግራን ነበር እኮ» አለች አርሴማ።

ሲራክ ሰማቸውና ተቀመጠ። ማራናታ እጁን ያዘችው፤ የሌላ ሰው እጅ የተያዘ መሰለው። ጋሼ ተፈሪ ከልደቷ ወደ ትምህርቷ አለፉ።