ድምፅ የሌለው ሞኒተር

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ቴሌቪዥናችን ተቃጠለ። አባቴ ከከሰል ሽያጭ ያጠራቀመውን ይዞ ከምንኖርበት እንጅባራ ዳንግላ ወሰደኝ። ለእናቴ ድራማ፣ ለእኔ ትምህርትና ጌም የሚሆን አንድ ስክሪን ነበር የምንፈልገው። አባቴ «አንተ ተምረሃል፣ ምረጥ» አለኝ።

ነጋዴው በአቅማችን ሁለት አሳየን። አንዱ ከኮምፒውተርም ጋር የሚገጥም ተራ ቴሌቪዥን ነው። ሌላው ለጌም የሚፈጥን ሞኒተር ሲሆን ስፒከር የለውም። ይህን እያወቅሁ ሞኒተሩን ጠቆምኩ። አባቴ «እናትህ ድራማዋን ታይበታለች?» ሲለኝ «እንዴታ» አልኩት።

እንጅባራ ደርሰን ከዲሹ ሪሲቨር ጋር ስናገናኘው ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ቀረ። ድራማ ሊያዩ የመጡት ጎረቤታችን «ሙሽራዋ ምን እያለች ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ተዋናዮቹን ተክታ በአገውኛ ማውራት ጀመረች። ሙሽራዋን «የወደድኩት ፈረስህን ነው እንጂ አንተንማ ማን አየህ» አስባለቻት። አባቴ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ይህን አይታ «ምን ያስከፋሃል ልጄ? ጥሩ ዕቃ ነው የመረጥክልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጌሙን መክፈት አልቻልኩም።

በማግስቱ ሞኒተሩን በካርቶኑ አሽጌ ብቻዬን ወደ ዳንግላ ሄድኩ። ነጋዴው እያጉረመረመ በተራው ቴሌቪዥን ለወጠልኝ።

ማታ እናቴ «የፊተኛው ምን ሆነ?» አለችኝ። ተበላሽቶ ነው ልላት አስቤ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን «እሱን የመረጥኩት ለራሴ ነበር፣ እማ» አልኳት።