ክር ሲበጠስ የምትቆመው መኪና

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ እዚሁ አርባ ምንጭ ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ ላድርስህ ብሎ የመኪናውን በር ሲከፍትልኝ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ የመቀመጫ ላስቲክ ሽታ ከናፍጣና ከአቧራ ጋር ተለውሶ መጥቶ ፊቴን በጥፊ አለኝ። አንድ እግሬን አንስቼ ቀረሁ። ወዳጄ «ምነው፣ እባብ አየህ እንዴ?» አለኝ። እባብ ቢሆንማ ምን ነበረበት፤ የአርባ ምንጭ ሰው ከአዞ ጋር ተጎራብቶ እየኖረ በእባብ አይደነግጥም። እኔ ያየሁት ከሞተ ስድስት ዓመት ያለፈውን አባቴን ነው፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ «የማን ክር ነው የተበጠሰው? ይናገር!» ሲል።

አባቴ ጋሽ ማንዛ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን ስለኖረ፣ ከወገቡ በታች ያለውን አካሉን ፀሐይ የምታየው እሑድ እሑድ ብቻ ነው እያልን እናሾፍበት ነበር። ሚሊኒየሙ ሊከበር ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ሴቻ ስንኖር፣ ይህ ሰውዬ ከጉድጓዱ ወጣና አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። ጃፓን ሠራሽ ናት። ነጭ ናት ተብላ ነው የተገዛችው፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ ግን ትንባሆ የሚያኝክ ሽማግሌ ጥርስ መስላ ነበር። ጋቢናዋ ሦስት ሰው ይይዛል ይባላል፣ አባቴ አምስት ያስገባበታል፤ ከኋላ ደግሞ የጨንቻ ፖም፣ የድንች ጆንያ፣ ቡሉኮ፣ በግ፣ በጉን አምኖ ለብቻው መላክ ያልቻለ የበግ ባለቤት፣ ሁሉም ተደራርቦ ያኔ አስፋልት ባልነካው የዶርዜ ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል።

የኩባንያውን ስም አልጠራም። ብጠራውም ባልጠራውም የሚጨምርለት ነገር የለም፤ በሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ በነበረችው ሻይ ቤት የሚሰበሰቡ ባለመኪኖች ጠዋት ማታ ሲጠሩት ነው የሚውሉት። ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ሥጋ ዘመድ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። አንዱ የእሱ መኪና ሰባት ጊዜ አለቀላት ተብላ ሰባቴም ከጋራዥ በእግሯ መመለሷን ያወራል። ሌላው የእሱ ጫሞ ሐይቅ ገብታ ከአዞ ጋር ሰንብታ፣ ተጎትታ ስትወጣ በአንድ ቁልፍ እንደተነሣች፣ አዞውም የቀኝ መስታወቷን ከመላስ በቀር እንዳልነካት ይምላል። ሦስተኛው አዲሶቹን ሞዴሎች በአፍጢማቸው ይደፋቸዋል፦ «አዲሶቹ ላስቲክ ናቸው፤ አሮጌዋ ብረት ናት። አሮጌዋ ሹፌሯን ቀብራ ልቅሶ ትቀመጣለች።» ይህን ሲል ሁላችንም እንስቅ ነበር። አዎ፣ እንስቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከክሩስኮቷ መሳቢያ ውስጥ ዳሩ በአይጥ የተበላ የእንግሊዝኛ ጥራዝ አገኘና እንዳነብለት ሰጠኝ። የእኔ እንግሊዝኛ የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹን አነባለሁ፣ ግማሹን እፈጥራለሁ። የፋብሪካው ታሪክ ነበር። መኪና ከመሥራታቸው በፊት የሽመና ዕቃ ይሠሩ ነበር ይላል። የሠሩት መሸመኛ ደግሞ አንዲት ክር የተበጠሰች እንደሆን የተበላሸ ጨርቅ እንዳይወጣ ራሱን በራሱ ያቆማል ይላል። ይህን አንብቤ ቀና ስል አባቴ አሮጌ መሸመኛው ላይ እንደተቀመጠ መወርወሪያውን በእጁ ይዞ ደርቆ ቀርቷል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አስነበበኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ፣ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈና፣ ከሩቅ አገር የመጣ የአጎት ልጅ እንደሚቀበል ሰው በእኛው ቋንቋ «ሳሮ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሸማኔዋ ሆነ።

እስከዚህ ያለው እውነት ነው። ኃጢአቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሸማኔዋ አንድ ዐመል ነበረባት፤ ከዶርዜ ስንወርድ፣ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን የሚታዩበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ትቆማለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ስትቆም እዚያው ናት። ጉሙ ከአባያ በኩል ተነሥቶ ቀርከሃውን ይውጥና በቀትር ፀሐይ የራሳችንን እጅ አናይም። መካኒኩ የናፍጣ ማጣሪያው ውኃ ይይዛልና በየሳምንቱ ይጽዳ ብሎ ነበር፤ ያን ማጽዳት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የሚጸዳ ማጣሪያና ቅዳሜ ጠዋት የሚደረግ የኳስ ግጥሚያ ሲጋጩ ማን እንደሚያሸንፍ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ታዲያ አባቴ «ለምንድን ነው እዚያ ቦታ የምትቆመው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጥራዙን ገለጥ አደረግሁና ፊቴን እንደ ዳኛ አኮሳትሬ፣ ያ የመሸመኛው አእምሮ ወደ መኪናዎቹም ተላልፏል፣ በተሳፋሪዎቹ መካከል ያለ ክር ከተበጠሰ ራሷን ታቆማለች ይላል አልኩት። አንድ ሳምንት ስቄ ልተወው ነበር ያሰብኩት።

በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ግን ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው በድሎ ሲደብቅ፣ የደበቀው ነገር ከብት ይገድላል፣ ልጅ ያሳምማል፣ ዝናብ ይከለክላል፤ መድኃኒቱም አፍ አውጥቶ መናገር ነው። ለአባቴ የእኔ ውሸት ውሸት ሊሆን አልቻለም፤ አባቶቹ የነገሩትን ጃፓኖቹ አረጋገጡለት እንጂ። በማግሥቱ መታጠፊያው ላይ ስትቆም ኮፈኑን አልከፈተም። ቁልፉን ነቀለ፣ ዞረ፣ «የማን ክር ነው?» አለ። ሰውም ተናገረ! አንዱ የጎረቤቱን ድንበር በክንድ እንደገፋ፣ ሌላው የወንድሙን በግ ጅብ ነው የበላው ብሎ ራሱ እንደበላ፣ አንዷ የባሏን እናት እንዴት እንደረገመች። ሁለት ለዓመታት የተኳረፉ አጎቶቼ እዚያች ስፖንዳ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቁልፉ ይገባል፣ ሞተሩ ይነሣል።

ማጣሪያው ውስጥ ያለው ውኃ ዘቅጦ እስኪረጋ ጊዜ ስላገኘ ነው፤ ለራሴ የምነግረው ይህንን ነበር። አንድ ነገር ግን አላስተኛኝም። ሞተሯ ጠፍቶ ሰው ሲናገር፣ ከኮፈኑ ስር ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ... የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ልክ መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር የሚያሰማው። መካኒኩ ብረት ሲቀዘቅዝ እንዲያ ይላል አለኝ። የሚቀዘቅዝ ብረት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህኛው ግን ሰው እውነት ሲናገር ነበር የሚፈጥነው። አጋነንክ በሉኝ። ሁልጊዜ አጋንናለሁ፤ ይህን ግን ቀንሼ ነው የነገርኳችሁ።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ዶርዜ ያገባችው ታላቅ እህቴ አማረች የበኩር ልጇን አምጣ አምጣ አቃታት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እየተርበተበተች ቶሎ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አድርሷት አለችን። አባቴ መሪውን ያዘ፣ እናቴና አማረች ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከኋላ ተንጠለጠልኩ፤ ከእኔ ጋር ድንች ነጋዴዋ እትዬ አስካለና የጸሎት ቤት አገልጋዩ ወንጌላዊ ዳንኤል ነበሩ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጉሙ እንደ ቡሉኮ ከላያችን ወደቀ። ሸማኔዋ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ዝም አለች።

የአማረች ጩኸት ብቻ ቀረ።

አባቴ ቁልፉን እንደተሰካ ትቶ ወረደና ወደ ኋላ መጣ። እንዲያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። «የማን ነው? ቶሎ ተናገሩ፤ ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

እትዬ አስካለ ደረቷን መታች። «የኔ ነው፣ በማርያም! ለአማረች ሠርግ ያመጣሁት ቅቤ ግማሹ የተቀቀለ ድንች ነበር! አማረችዬ፣ ይቅር በይኝ!»

ከጋቢና ውስጥ፣ በሁለት ምጥ መካከል፣ የአማረች ድምፅ መጣ፦ «አውቄዋለሁ እኮ! ቀምሼዋለሁ!»

ወንጌላዊ ዳንኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳን፣ ጋሽ ማንዛ፣ ንስሐዬን ለጌታ ነግሬ ጨርሻለሁ።»

«ጌታ ሰምቶሃል፣ ወንድሜ። ሸማኔዋ አልሰማችህም።»

ወንጌላዊው ወደ ጉሙ አየ። «እንግዲህ... ለምእመናኑ ከተራራው በእግሬ ነው የምወርድላችሁ እላቸዋለሁ። ጫማዬንም በር ላይ ስደርስ አቧራ አስነካዋለሁ።»

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

እናቴ በመስኮት አንገቷን አወጣች። «እኔም አለብኝ። ይቺን መኪና ከገባች ጀምሮ ጠልቻታለሁ። እሷ ተሰብራ አንተ ወደ ጉድጓድህ እንድትመለስ፣ ቤት እንድትውልልኝ፣ በየቀኑ እጸልይ ነበር።» አባቴ ያን ሲሰማ የሆነውን ፊት አልረሳውም፤ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እንዴት ብዬ ልናገር? ማጣሪያውን ሦስት ቅዳሜ አልነካሁትም። ብናገር ደግሞ የቀረውም ይከተላል፤ ጥራዙ ላይ ስለ ተሳፋሪ የሚል አንዲት ቃል የለም፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እዚህ ቆሞ ሆዱን የዘረገፈው እኔ በፈጠርኩት ቀልድ ነው። ዝም ብል እህቴ ትሞታለች፤ ብናገር አባቴ በአገሩ ፊት መሳቂያ ይሆናል። አማረች እንደገና ጮኸች። ተናገርኩ፤ ሁሉንም፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ስገልጠው አባቴ አልተቆጣም። የሆነ ነገር ከእጁ ወድቆ የት እንደገባ እንደጠፋበት ሰው ቆሞ ነበር። ኮፈኑን ሊከፍት ሄደ፣ ተከተልኩት፣ የማጣሪያውን ብሎን እንዲፈታ መፍቻ አቀበልኩት። በዚህ መሐል ነው እትዬ አስካለ ከኋላ ሆና በለሆሳስ «ጋሽ ማንዛ፣ እርስዎስ? በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልተናገሩም እኮ» ያለችው።

አባቴ ቀጥ አለ። መፍቻው በእጁ ነው። ድምፁ ከኮፈኑ ስር ቆመ፣ የአማረችም ጩኸት ቆመ፤ ጉሙ ራሱ ጆሮ ያለው መሰለኝ። ወደ እኔ ዞረና አፉን ከፈተ፤ «እኔ...» አለ።

ሞተሩ ተነሣ።

ማንም ማጣሪያውን አልነካም። እኔና አባቴ ከፊቷ ቆመናል። ጋቢና ውስጥ የነበሩት እናቴና አማረች ብቻ ናቸው፤ እናቴ ቁልፉን ያዞረችው አማረች ናት ትላለች፣ አማረች እናቴ ናት ትላለች፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሁለቱም ይማማላሉ። አባቴ የከፈተውን አፍም ኮፈንም ገጠመ፣ ሮጦ ገባ፣ ነዳ። ደረስን። ልጅቷ ጎማው ሳይቀዘቅዝ ተወለደች፤ አሁን ከእኔ ትረዝማለች።

ከዚያ ወዲያ አባቴ «የማን ክር ነው?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እኔም በጥፋተኛ ትጋት ማጣሪያውን በየቅዳሜው ሳጸዳ ሸማኔዋ መቆም ተወች። ሰው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ በልማድ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ መኪናዋ ታልፋለች፣ የተጠረገው ጉሮሮ ተመልሶ ይዘጋል። አጎቶቼ በመሬት እንደገና ተጣሉ፣ በዚያው ቀሩ። አባቴም አርጅቶ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፣ መሪውን ለእኔ ሰጠኝ። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠን ወርደናል፤ ስለ ድንች አውርተናል፣ ስለ ዝናብ አውርተናል።

አንድ ጠዋት ከሴቻ ወደ ዶርዜ ልወጣ ስል መሸመኛው ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። «ያን ቀን ተራዬ ደርሶ ነበር እኮ» አለኝ። «ስትመለስ እነግርሃለሁ።» ልቀመጥ ስል እጁን አወናጨፈ፤ «ሂድ ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል።»

በመልሴ ሰማዩ እንደ ብርሌ ጠርቶ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሁለቱም ሐይቆች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሸማኔዋ ሳል እንኳን ሳታሰማ፣ በሕይወቷ እንዲያ ሄዳ በማታውቀው ልስላሴ ወረደች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ያፏጨሁ ይመስለኛል። ሴቻ ስደርስ ደጃችን ላይ ድንኳን እየተተከለ ነበር። አባቴን ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ሞቶ ነው ያገኙት፤ እኔ መታጠፊያውን ባለፍኩበት ሰዓት ገደማ። ገብቼ ድሩን አየሁት። አንዲትም የተበጠሰች ክር አልነበረችም።

ምን ሊነግረኝ እንደነበር እናቴን ጠየቅኋት፣ አታውቅም። አጎቶቼን ጠየቅኋቸው፣ አያውቁም። በዓመቱ ሸማኔዋን ለአንድ የሳውላ ወጣት ሸጥናት። ሁለት ወር ቆይቶ ደወለልኝ፤ መንገድ ላይ ቆማበታለች፣ ከኋላ ተሳፋሪ ጭኗል፣ ጉም ነው፣ ምን ላድርግ ይላል። በስልኩ ውስጥ ከሰዎቹ ጫጫታ ጀርባ ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ማጣሪያውን አጽዳ» አልኩት።

«ሌላ የማላውቀው ነገር አላት?»

እኔ፣ ጉንዳንን ዝሆን አድርጌ የማወራው ሰው፣ «ምንም የላትም» አልኩት። አመሰገነኝና ዘጋው። ይኸው እስከ ዛሬ ይህን ውሸት የማወጣበት መኪና አጥቼ እዞራለሁ።